የስፕሪንት ዕቅድ ለምን ይፈርሳል?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሶፍትዌር ባለሙያዎች መካከል «አጃይል አብቅቶለታል» የሚለው አባባል በተደጋጋሚ ይሰማል፤ አጃይል ብዙ የሶፍትዌር ቡድኖች ሥራቸውን የሚመሩበት አስተሳሰብ ነው። ከአባባሉ ሥር ያለው ቅሬታ ሲመረመር አብዛኛው የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቡድኑ ስፕሪንት ለሚባለው የሁለት ሳምንት ዙር ተሰብስቦ ያቅዳል፣ ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ካቀደው ውስጥ ብዙው ሳይጠናቀቅ ይቀራል። ሥራ አስኪያጆች ይህን የዲሲፕሊን ጉድለት ያደርጉታል። የቡድኑ አባላት በበኩላቸው የዕቅድ ስብሰባውን ከላይ የተወሰነ ነገር የሚጸድቅበት ሥርዓት አድርገው ያዩታል። ሁለቱም ወገኖች የሚያነሱት ነገር መሠረት የለውም አይባልም። ዋናው ምክንያት ግን ከሰዎቹ ትጋት ጋር ብዙም አይገናኝም። የአጭር ጊዜ ዕቅድ የቡድኑን ጊዜ እስከ ጫፍ የመሙላት ሥራ ተደርጎ እስከተወሰደ ድረስ፣ ጎበዝ ቡድንም ቢሆን ዕቅዱ ይፈርስበታል።

ዕቅዱ ምን ይዟል?

አጃይል ራሱን የቻለ የሥራ ዘዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተሰባሰቡ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች የተስማሙባቸው የእሴቶችና የመርሆዎች ስብስብ ነው። በእነዚህ መርሆዎች ከሚመሩት ዘዴዎች በስፋት የሚታወቀው ስክረም ነው፤ ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ ያስተዋወቁት ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 ነበር። ስክረም ሥራን ስፕሪንት በሚባሉ ቋሚ ዙሮች ይከፍላል። አንድ ስፕሪንት ከአንድ ወር አይበልጥም፤ ብዙ ቡድኖች ሁለት ሳምንት ይመርጣሉ።

ገና ያልተሠሩ ሥራዎች ባክሎግ በሚባል ዝርዝር ውስጥ በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። ለቅደም ተከተሉ ተጠያቂው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የምርት ባለቤት ወይም በተለምዶ አጠራሩ ፕሮዳክት ኦነር ይባላል። እያንዳንዱ ስፕሪንት በዕቅድ ስብሰባ ይጀምራል። የስክረም መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሻሻል ስብሰባው ሦስት ጥያቄዎችን እንዲመልስ ተደርጓል፦ ይህ ስፕሪንት ለምን ያስፈልጋል? በዚህ ስፕሪንት ምን ሊያልቅ ይችላል? የተመረጠው ሥራ እንዴት ይሠራል? ለአንድ ወር ስፕሪንት የስብሰባው ጣሪያ 8 ሰዓት ነው፤ ለሁለት ሳምንት ግማሹን መመደብ የተለመደ ነው።

የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ትልቅ ቦታ አለው። ብዙ ቡድኖች የመጀመሪያውን ዘለው ከሁለተኛው ይጀምራሉ። ከባክሎጉ አናት ቲኬት (የአንድ ሥራ መዝገብ) እየመዘዙ «ይህን ማን ይወስዳል?» እያሉ የሁሉም ሰው ቀን እስኪሞላ ይቀጥላሉ። ግቡ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ ደክሞት ሊነሳ ሲል ነው። ውጤቱም «የመግቢያ ገጹን ማስተካከል፣ የሪፖርቱን ስህተት ማረምና ሰርቨሩን ማሻሻል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ይህ ግብ አይደለም፤ የሥራ ዝርዝሩ በአጭሩ ነው።

60 የሥራ ቀን እንዴት 34 ይሆናል?

በዕቅድ ላይ የሚፈጸመው በጣም የተለመደ ስህተት የሂሳብ ስህተት ነው። ስድስት አባላት ያሉት ቡድን የሁለት ሳምንት ስፕሪንት ሊያቅድ ተቀመጠ እንበል። አሥር የሥራ ቀን በስድስት ሲባዛ 60 ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ስሌቱ እዚህ ላይ ይቆማል።

አንድ ቀን የሕዝብ በዓል ከሆነ ስድስት ቀን ወዲያው ይቀነሳል። አንድ ሰው የሦስት ቀን ዕረፍት ከወሰደ 51 ይቀራል። የዕቅድ ስብሰባ 4 ሰዓት፣ የየዕለቱ የ15 ደቂቃ ስብሰባ ተደምሮ 2 ሰዓት ያህል፣ የተሠራውን ለባለድርሻዎች ማሳየት 2 ሰዓት፣ ሪትሮስፔክቲቭ የሚባለው የአሠራር ግምገማ አንድ ሰዓት ተኩል፣ መጪ ሥራዎችን ማብላላት (አስቀድሞ ማብራራትና መከፋፈል) ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ለአንድ ሰው 12 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ቀን ተኩል ነው። በስድስት ሲባዛ 9 ቀን፤ 42 ቀረ። ከዚህ ላይ ማንም ያላቀደው ሥራ ይመጣል፤ ደንበኛ ያመለከተው ብልሽት፣ ከሌላ ክፍል የመጣ ጥያቄ፣ የተበላሸ ሰርቨር። ቡድኑ ያለፉትን ስፕሪንቶች መዝገብ አይቶ ይህ ከጊዜው 20 በመቶ ያህል እንደሚወስድ ካወቀ ስምንት ቀን ተኩል ገደማ ይቀንሳል። የቀረው 34 ቀን እንኳ በደንብ አይሞላም።

እነዚህ ቁጥሮች ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ማስገባት አለበት። በተለይ የድንገተኛ ሥራው ድርሻ በግምት መቀመጥ የለበትም። ለሦስት ወይም ለአራት ስፕሪንት ያህል በስፕሪንቱ መሃል የገባውን እያንዳንዱን ቲኬት ለይቶ ምልክት ማድረግ በቂ ነው። ይህን የማያደርግ ቡድን 34 ቀን ይዞ የ60 ቀን ሥራ ሊያቅድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ትርፍ ሰዓትና ንዴት መገመት አያዳግትም።

አማካዩ የሚደብቀው ነገር

ሁለተኛው የተለመደ መለኪያ ቬሎሲቲ ነው፤ ቡድኑ በአንድ ስፕሪንት ያጠናቀቃቸው ሥራዎች የስቶሪ ፖይንት ድምር ማለት ነው። ስቶሪ ፖይንት የአንድን ሥራ መጠንና አስቸጋሪነት ከሌሎች ሥራዎች ጋር በማነጻጸር የሚሰጥ ነጥብ እንጂ የሰዓት መለኪያ አይደለም። ነጥቡን ለመስጠት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ጄምስ ግሬኒንግ እ.ኤ.አ. በ2002 የገለጸው ፕላኒንግ ፖከር ነው። እያንዳንዱ አባል 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያለ ከሚሄዱ ካርዶች አንዱን ይመርጣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገልጣሉ። በአንድ ጊዜ መገለጡ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሌሎቹን እንዳይጎትት ነው። አንዱ 3 ሌላው 13 ሲያወጡ ቡድኑ ወደ አማካይ ከመሮጥ ይልቅ ሁለቱን «ምን አይታችሁ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። 13 ያለው ሰው ሌሎቹ የረሱትን የመረጃ ቋት ለውጥ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ የዘዴው ጥቅም ያለው በዚያ ውይይት ውስጥ ነው።

ችግሩ ቬሎሲቲው ለዕቅድ ሲውል ይጀምራል። ያለፉት አምስት ስፕሪንቶች 21፣ 34፣ 25፣ 18 እና 27 ነጥብ አስመዝግበዋል እንበል። አማካዩ 25 ነው፤ ቡድኑም 25 ያቅዳል። ነገር ግን ከአምስቱ ስፕሪንቶች 25 ወይም ከዚያ በላይ የደረሱት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ አማካዩን ይዞ ማቀድ ከአምስት ጊዜ ሁለቴ እንደሚወድቁ አውቆ መጀመር ነው። 21 ቢያቅድ አራቱ ይደርሱ ነበር፤ 18 ቢያቅድ አምስቱም። የበሰለ ቡድን ግቡን ለማሳካት የግድ የሚያስፈልጉትን ሥራዎች ከ18 እስከ 21 ባለው ውስጥ ያስገባና፣ የቀረውን «ጊዜ ከተረፈ» ብሎ በግልጽ ለይቶ ያስቀምጣል።

ሌላም የማይታይ ነገር አለ። በስፕሪንቱ ውስጥ ስምንት ሥራዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ በጊዜው የማለቅ ዕድሉ 90 በመቶ ቢሆን፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ከሌለው ስምንቱም የሚያልቁበት ዕድል 43 በመቶ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ሥራ በተናጠል ሲያዩት አስተማማኝ የሚመስለው ዕቅድ ሲደመር ከግማሽ በታች ዕድል ይኖረዋል። «ሁሉም ካላለቀ ስፕሪንቱ ወድቋል» የሚለው መመዘኛ ተገቢ ያልሆነው ለዚህ ነው።

የሰው ግምት ራሱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋድላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ሰዎች አንድ ሥራ የሚፈጅባቸውን ጊዜ አሳንሰው የመገመት ዝንባሌያቸውን በጥናት አቅርበውታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚጽፉ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቋል። በአማካይ የገመቱት 33.9 ቀን ነበር፤ የፈጀባቸው 55.5 ቀን ሆነ። «ሁሉ ነገር ቢበላሽ መቼ ትጨርሳላችሁ?» ተብለው የሰጡት የከፋው ግምት እንኳ 48.6 ቀን ነበር፤ እውነታው ከሱም አለፈ። መፍትሔው የበለጠ ተጠንቅቆ መገመት አይደለም። ባለፉት ጊዜያት በትክክል የሆነውን ማየት ነው።

የተሞላ ቡድን ለምን ቀርፋፋ ይሆናል?

«ሰው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የለበትም» የሚለው አስተሳሰብ ምክንያታዊ ይመስላል። ወረፋ የሚጠብቁ ነገሮችን የሚያጠናው የሰልፍ ሂሳብ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ሥራዎች በዘፈቀደ ሰዓት የሚመጡና የሚወስዱት ጊዜም የሚለያይ ከሆነ፣ አንድ ሠራተኛ ጊዜው በግማሽ ሲያዝ አዲስ ሥራ በአማካይ የሚጠብቀው ሥራው ራሱ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ነው። በ80 በመቶ ሲያዝ አራት እጥፍ ይጠብቃል፤ በ90 በመቶ ዘጠኝ እጥፍ፣ በ95 በመቶ 19 እጥፍ። ይህ በጣም ቀላሉ የሰልፍ ሞዴል ስለሆነ ለእውነተኛ ቡድን ቁጥሮቹ አንድ ለአንድ አይገጥሙም። የመጨመሩ መልክ ግን ያው ነው፤ ወደ መቶ በመቶ ሲጠጉ የሚጨመረው እያንዳንዱ ትንሽ ሥራ ከፍተኛ መዘግየት ያመጣል።

በስፕሪንት ውስጥ ይህ የሚታየው ኮድ በሚፈተሽበት ቦታ ላይ ነው። ስድስቱም ሰዎች የየራሳቸው ቲኬት ተሞልቶላቸዋል። አንዷ ረቡዕ ጠዋት ሥራዋን ጨርሳ ባልደረባዋ እንዲያይላት ትልካለች። እሱ በራሱ ሥራ ተጠምዶ አርብ ያየዋል። እስከዚያ እሷ ሌላ ሥራ ጀምራለች፤ አርብ ከሰዓት አስተያየቱ ሲመጣ የመጀመሪያውን ኮድ እንደገና ማስታወስ አለባት። ማንም ሰው አልቦዘነም፣ ሥራው ግን ለሁለት ቀን ቆሟል።

ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ቀመር ይህን በቁጥር ያስቀምጠዋል። በተረጋጋ አሠራር ውስጥ አንድ ሥራ በአማካይ የሚወስደው ጊዜ በእጅ ያሉት ሥራዎች ብዛት በሳምንት ለሚጠናቀቁት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በሳምንት አምስት ሥራ የሚጨርስ ቡድን 15 ሥራ በአንድ ጊዜ ከከፈተ እያንዳንዱ በአማካይ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ስፕሪንቱ ግን ሁለት ሳምንት ነው። ክፍት ሥራዎቹን ወደ ስድስት ዝቅ ቢያደርግና የማጠናቀቅ ፍጥነቱ ባለበት ቢቆይ፣ አማካዩ ከአንድ ሳምንት ትንሽ በልጦ ያበቃል። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ «በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ እንከፍታለን?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ሥራ እንወስዳለን?» ከሚለው እኩል ሊነሳ ይገባል።

የሥራው አቆራረጥ

ከዕቅድ ችግሮች ብዙዎቹ ከስብሰባው በፊት የተፈጠሩ ናቸው። በደንብ ያልተብላላ ሥራ ስብሰባው ላይ ሲቀርብ አራቱ ሰዓት «ይህ ምን ማለት ነው?» በሚል ክርክር ያልቃል። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ የስክረም መመሪያ ሥራን አስቀድሞ ማብላላት ብዙውን ጊዜ ከቡድኑ አቅም 10 በመቶ እንደማይበልጥ ይጠቅስ ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ተነስቷል። እንደ መነሻ ልኬት ግን አሁንም ያገለግላል።

አቆራረጡን በአንድ ሥራ ላይ እንየው። «ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉን ሲረሳ አዲስ ማውጣት ይችላል» የሚል ሥራ አለ። አንደኛው መንገድ በቴክኒክ ንብርብር መቁረጥ ነው፤ መጀመሪያ የመረጃ ቋቱ፣ ቀጥሎ የሰርቨሩ ኮድ፣ በመጨረሻ ገጹ። በዚህ አቆራረጥ ሦስቱም እስኪያልቁ ድረስ ለተጠቃሚው የሚጠቅም ምንም ነገር የለም፤ ሦስተኛው ከዘገየ የሁለቱም ድካም ለስፕሪንቱ ፍሬ አይሰጥም። ሁለተኛው መንገድ በተጠቃሚው ጉዞ መቁረጥ ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ በኢሜይል በሚላክ ሊንክ ብቻ የይለፍ ቃል መቀየር ይሆናል፤ ገጹም፣ ሰርቨሩም፣ ቋቱም በጠባቡ ተሠርቶ ያልቃል። ሁለተኛው የሊንኩ ጊዜ ሲያልፍ የሚታየው መልእክት፣ ሦስተኛው ደጋግሞ ለሚሞክር ሰው የሚደረግ እገዳ፣ አራተኛው በስልክ መልእክት የሚላክ ኮድ ነው። በስምንተኛው ቀን ችግር ቢፈጠር አራተኛው ይቀራል እንጂ ዋናው ጥቅም አይቀርም። እገዳውን ግን ለማስቀረት መቸኮል አይገባም፤ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ያለሱ ሥራው ለሕዝብ መለቀቅ የለበትም።

ከዚህ ሥራ የሚወጣው ግብ «የይለፍ ቃሉን የረሳ ተጠቃሚ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ሳይደውል ራሱ ተመልሶ ይገባል» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ግብ በስፕሪንቱ መሃል ውሳኔ ይሰጣል። የስልክ መልእክት አቅራቢው ምላሽ ባይሰጥ ቡድኑ ማንንም ሳይጠብቅ ያን ቁራጭ ትቶ ሌላውን ይገፋል፤ ግቡ አልተነካምና። «14 ቲኬት መዝጋት» የሚል ግብ ይህን ምርጫ አይሰጥም። እንዲያውም ቀላል ቀላሉን ለቅሞ ከባዱን ለመተው ይጋብዛል።

አብሮ መታየት ያለበት የመጠናቀቅ መስፈርት ነው፤ አንድ ሥራ «አለቀ» ለመባል ማሟላት ያለበት የጋራ ዝርዝር። ኮዱ በሌላ ሰው ታይቷል? ተፈትኗል? ከዋናው ኮድ ጋር ተዋሕዷል? መስፈርቱ ሳይጻፍ የቀረበት ቡድን ውስጥ በዘጠነኛው ቀን ብዙ «ያለቁ» ሥራዎች ይኖሩና በአሥረኛው ቀን ፈተናው አንድ ላይ ይከመራል።

ቃል ኪዳን ወይስ ትንበያ?

በባለሙያዎች መካከል ያለው ትልቁ ክርክር ዕቅዱ ምን ያህል አስገዳጅ ነው የሚለው ነው። ቀደም ሲል ቡድኑ የመረጠውን ሥራ በሙሉ ለመጨረስ ቃል ይገባ ነበር። የስክረም መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ቀይሮ የተመረጠው ሥራ ትንበያ እንዲባል አደረገ። አሁን ባለው መመሪያ ቃል የሚገባው ለስፕሪንቱ ግብ ነው፤ ወደ ግቡ የሚያደርሱት ሥራዎች በመንገድ ላይ ሊለዋወጡ ይችላሉ።

ለውጡን የሚተቹ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። ሽያጭ፣ ሕግና ፋይናንስ ክፍሎች ቀን ይፈልጋሉ፤ «ትንበያ ነው» የሚል መልስ ኃላፊነትን መሸሻ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ዝርዝሩን አስገዳጅ ማድረግ ጥራትን እንደሚያስበላ ያነሳሉ። ቀኑና የሥራው ዝርዝር ሁለቱም ከተቆለፉ የሚቀነሰው የማይታየው ነገር ነው፤ ፈተናው ይቀራል፣ ኮዱ ሳይታይ ያልፋል፣ ዕዳው ለሚቀጥለው ስፕሪንት ይተላለፋል። ከሁለቱ የኋለኛው ክርክር ሚዛን ይደፋል። የተቺዎቹ ጥያቄም ግን መልስ ይገባዋል፤ መልሱም ለውጭ ሰው ግቡን በስሙ ጠርቶ ቃል መግባትና የቀረውን ከነዕድሉ መናገር ነው። «የኢሜይሉ መንገድ በስፕሪንቱ መጨረሻ ይደርሳል፤ የስልኩ ሊደርስም ላይደርስም ይችላል» የሚል መልስ ከአንድ የተጋነነ ቀን ይልቅ ለሽያጭ ክፍሉ ይጠቅመዋል።

ሌላው ክርክር ስፕሪንት ራሱ ያስፈልጋል ወይ የሚል ነው። መነሻው የቶዮታ ፋብሪካዎች የሆነው ካንባን ቋሚ ዙር አይጠይቅም፤ በእጅ ያለውን ሥራ ብዛት ይገድብና አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይገባል። ከጊዜው ግማሽ ያህሉ በድንገተኛ ሥራ የሚወሰድበት የድጋፍ ቡድን ለሁለት ሳምንት የሚጸና ግብ ማውጣት ስለሚከብደው ካንባን ይሻለዋል። አዲስ ምርት ለሚሠራ ቡድን ግን የስፕሪንቱ ማብቂያ ከባለድርሻዎች ጋር የሚገናኝበት ቋሚ ቀጠሮ ነውና ያን ማጣት ቀላል ኪሳራ አይደለም። ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል፤ ስፕሪንቱን ይዞ በውስጡ የክፍት ሥራዎችን ብዛት መገደብ።

ኮድ የሚጽፉ መሣሪያዎች ሲመጡ

የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ኮድ መጻፍን ሲያፋጥኑ «አሁን ዕቅድ አያስፈልግም» ወይም «በአንድ ስፕሪንት እጥፍ ሥራ እንውሰድ» የሚሉ ሐሳቦች መጥተዋል። ሁለቱም የሥራውን ሰልፍ ይረሳሉ። የተጻፈው ኮድ መታየት፣ መፈተንና መዋሐድ አለበት፤ ይህን ለማድረግ ያለው የሰው ጊዜ ካልጨመረ ፈጣኑ መጻፍ ሰልፉን ከማርዘም ያለፈ ውጤት አያመጣም። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ገደቡ መቀመጥ ያለበት በመታየት ላይ ባሉት ሥራዎች ላይ ነው፤ ለምሳሌ ከሦስት በላይ ኮድ እይታ ሲጠብቅ አዲስ ሥራ ከመጀመር በፊት የሚጠብቀውን ማየት። መሣሪያው ከመግባቱ በፊት የተመዘገበው ቬሎሲቲም ለአዲሱ አሠራር መለኪያ አይሆንም። ጥቂት አዳዲስ ስፕሪንቶች እስኪመዘገቡ አነስ አድርጎ ማቀድ ይመረጣል።

ሥራው ሳያልቅ ሲቀር

በደንብ የታቀደ ስፕሪንትም አልፎ አልፎ ይጎድላል። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፤ ከሦስት ቀን በላይ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ቲኬት በየዕለቱ ስብሰባ ላይ በስሙ መነሳት አለበት። ለዚህም ነው በዕቅድ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥራ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በታች ወደሚወስዱ ተግባራት መበተን የሚመከረው፤ የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ቀን ሲቆም ሁሉም ያየዋል፣ የሰባት ቀን ሥራ ሲቆም ግን እስከ መጨረሻው ማንም ላያስተውለው ይችላል። ግቡ ራሱ ትርጉም ካጣ፣ ለምሳሌ አገልግሎቱ እንዲቋረጥ ከተወሰነ፣ ስፕሪንቱን የማቋረጥ ሥልጣን የምርት ባለቤቱ ብቻ ነው።

በመጨረሻው ቀን ያላለቀ ሥራ ወደ ባክሎግ ይመለሳል። በቀጥታ ወደሚቀጥለው ስፕሪንት መጎተት የለበትም፤ ከሌሎቹ ሥራዎች ጋር ተነጻጽሮ እንደገና ቦታ ማግኘት አለበት፣ ምናልባትም አስፈላጊነቱ አልፎበታል። «80 በመቶ አልቋል» ተብሎ ከነጥቡ ላይ ተሸርፎ አይመዘገብም፤ ሲያልቅ ሙሉ ነጥቡ ባለቀበት ስፕሪንት ይቆጠራል። ያለዚያ ቬሎሲቲው ያልተጠናቀቀ ሥራ ይዞ ቀጣዩን ዕቅድ ያሳስታል። አንድ ሥራ ሁለት ስፕሪንት ተሻግሮ ለሦስተኛው ሲቀርብ ደግሞ እንዳለ አይወሰድም፤ ወይ በተጠቃሚው ጉዞ እንደገና ይቆረጣል፣ ወይ ያገደው ነገር ተለይቶ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል፣ ወይ ከዝርዝሩ ይሰረዛል።